በመርከቡ ጣሪያ ላይ ያለው ሳጥን

ባለቤቴ ሀብተጊዮርጊስ መርከብ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ሌላው ሰው ባንዲራውን ወይም ስሙን ይፈልጋል፤ እሱ አንገቱን አስግጎ "የት አስቀምጠዋት ይሆን?" ይላል። የሚፈልጋት መርከቡ ራሱን ከአውሮፕላን የሚከላከልባትን የአጭር ርቀት ሚሳይል ነው። ቴሌቪዥን ላይም ይሁን ፖስትካርድ ላይ ያው ነው። ስንጋባ ይህን ጠባዩን አላወቅሁም ነበር። ባውቅም ማግባቴ አይቀርም ነበር መሰለኝ፤ ያኔ መልከ መልካም ነበር።

በዚህ ጠባዩ ስስቅ ነው የኖርኩት። ባለፈው ሰኔ፣ በፈረንጅ 2015፣ ከሆነው በኋላ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ድንጋጤው እስካሁን ከላዬ አልወረደም። ስለዚህ ሰውየው ማን እንደሆነ ከሥሩ ልናገር። እሱ ከጀመረው ወሬው ሁሉ ሚሳይል ስለሚሆን እኔ ብናገረው ይሻላል።

የተወለደው አሰላ ነው፤ ባሕር በሩቅም አይታይም። ባሕር ኃይል ሲገባ መዋኘት እንኳ አይችልም ነበር። ሶቪየት ኅብረት ልከው አስተማሩትና ምጽዋ ላይ አንዲት የሚሳይል ጀልባ ላይ መደቡት። ጀልባዋ ሌላ መርከብ የምትመታባቸው ትልልቅ ሚሳይሎች ነበሯት፤ እነዚያ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነበሩ። የእሱ ድርሻ "ስትሬላ" የሚሏት ቀጭኗ ናት። በትከሻም ትተኮሳለች፤ በእነሱ ጀልባ ላይ ግን አራቱ ባንድ የብረት ማቆሚያ ተደርድረው ነበር፣ ከኋላ ቆሞ የሚያዞራቸው ሀብተጊዮርጊስ ነው። ሚሳይሏ የአውሮፕላኑን ሞተር ሙቀት ስታገኝ በጆሮው ትጮህለታለች፣ ያኔ ቃታውን ይስባል። ብዙም የምትታመን አልነበረችም፤ ወደ ፀሐይ ካዞሯት ፀሐይንም አውሮፕላን ናት ብላ ትጮሃለች።

"እሷ እኮ የመጨረሻዋ ናት" ይለኛል። "ራዳሩ ሳያይ ቢቀር፣ መድፉ ቢስት፣ ረዳት ባይደርስ፣ አውሮፕላኑ አናትህ ላይ ሲመጣ የምትቀርህ እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው መዋኘት ነው።"

ያን ሁሉ ዓመት ሰማይ ሰማይ ሲያይ አንድም የጠላት አውሮፕላን አልመጣም። የሻዕቢያ ታጋዮች አውሮፕላን አልነበራቸውም። "ታዲያ ማንን ነበር የምትጠብቀው?" ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። "ትእዛዝ ነው" አለ። በመጨረሻ ምጽዋ ላይ የመጡት በባሕር ነው፣ በትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች። የእሱ ጀልባ ተመታች፣ ጓደኞቹ አለቁ፣ እሱ በደህናው ጊዜ በግድ ያስተማሩትን ዋና ዋኝቶ ወጣ። ከዚያ አሰብ፣ ከአሰብ የመን፣ ከየመን ደግሞ እንደምንም ብሎ ፍራንክፈርት ገባ። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ጫኝ ነው። ለመምታት የሠለጠነባቸው አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ገብቶ ሻንጣ ይደረድርላቸዋል።

የትዳር ሕይወታችን ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየት አንዲት የእረፍት ጊዜ ትበቃለች። "ባሕር ላሳይሽ" ብሎ ወደ ሰሜን ወሰደኝ። እኔ የዋና ልብስ ገዝቼ፣ ኮፍያ ገዝቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አውርቼ ነው የሄድኩት። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ድስት ሳጥብ የምውል ሰው ነኝ፣ አሸዋ ላይ መጋደም አማረኝ። ለካ የጀርመን ባሕር ኃይል መርከቦቹን ለሕዝብ ክፍት የሚያደርግበት ቀን ኖሯል። ጠዋት የተሰለፍነው ወረፋ እኩለ ቀን ላይ መርከቡ ላይ አወጣን፤ ባሕሩንም ያየሁት ከዚያው ላይ ሆኜ ነው።

ሀብተጊዮርጊስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋለኛው ጣሪያ፣ ሄሊኮፕተሩ ከሚያድርበት ቤት አናት ላይ ወዳለው ሳጥን ሄደ። ሳጥኑ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ላይ ክብ ክብ ክዳኖች ተደርድረውበታል። ቆጠራቸው፤ ሃያ አንድ። አንዲት ወጣት ሴት መርከበኛ ነበረች የምታስረዳው። ይህችኛዋ ሚሳይል እየተሽከረከረች ትበራለች አለችው፤ የሚመጣባት ሚሳይል የሚልከውን ራዳር ተከትላ ትሄድና ሲቀርባት በሙቀቱ ትይዘዋለች። ሀብተጊዮርጊስ በዚያ ስብርብር ጀርመንኛው "ስንት ሴኮንድ አላችሁ?" ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ሳቅ ብላ "ብዙ የለንም" አለችው። ባቡሩ ላይ እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ስለዚያ ሳጥን አወራልኝ። የጣልያኖቹ ሳጥን ትልልቅ ስምንት በር ያለው ነው፣ የእንግሊዞቹ ሌላ ነው፣ የጀርመኖቹ ይህ ነው። ምን ያደርግልኛል ብዬ በመስኮት ላሞች አይ ነበር።

በራኺን ያገኘነው ቤተ ክርስቲያን ነው። የአሥመራ ሰው ነው፣ የሚኖረውም እዚሁ ቦናመስ ሰፈር፣ ቤን-ጉሪዮን ሪንግ የሚባለው መንገድ ላይ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች ያጥባል፣ ያበላል። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ላይ ሀብተጊዮርጊስ አጠገብ ተቀመጠና ወሬ ወሬን ሲያመጣው ሁለቱም ምጽዋ ነበርን ተባባሉ። "በየትኛው ወገን?" አለ ባለቤቴ። በራኺ ከፈጣኖቹ ጀልባዎች አንዷ ላይ ነበር። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜ ደርቄ ቀረሁ፤ አሁን ተነስተው ይተናነቃሉ ብዬ ነበር። በራኺ ግን ቀስ ብሎ "ሀብቴ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ላይ ላዩን ስታይ እኛ እኮ እግርህ ስር ነበርን" አለው። ባለቤቴ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድማማቾች ናቸው።

በራኺ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ሰናይት። አገሩን ጥሎ ሲወጣ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር፤ በስልክ ነው ያሳደጋት። ካደገች በኋላ እሷም በሱዳን አድርጋ ሊቢያ ገባች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደውላ "ነገ ባሕር እንገባለን፣ ጸልይልኝ" አለችው። ከዚያ ጠፋች። ዜናው በየምሽቱ ጀልባ ተገለበጠ፣ ጀልባ ተረፈ ይላል፣ የማን ልጅ የቱ ላይ እንደነበረ ግን አይናገርም። በራኺ መብላት አቆመ። እኔ እንኳን ምግብ ይዤ ስወርድ በሩን ከፍቶ ያመሰግነኝና ሳህኑን እንዳለ መልሶ ያመጣዋል።

አንድ እሑድ፣ የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቤታችን መጣ። ዓንደሚካኤል የሚባል የሰፈሯ ልጅ፣ ከአሥመራ ጀምሮ አብሯት የተጓዘው፣ ሲሲሊ ደርሷል። በራኺ ቁጥሩን በስንት መከራ አግኝቶ "ሰናይት ከእናንተ ጋር ነበረች ወይ?" ብሎ ጽፎለታል። ልጁ "አብረን ነበርን። መርከብ መጣልን" ብሎ መልሶ አንድ ፎቶ ላከለት። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ፎቶው ከጀልባው ውስጥ የተነሳ ነው። ከፊት የሰው ጭንቅላትና ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ ሞልቶታል፤ ከእጆቹ ጀርባ ግራጫ መርከብ አለ፣ ግን የሚታየው የላይኛው ጫፉ ብቻ ነው። ባንዲራም ቁጥርም ስምም አይታይም።

"ሀብቴ፣ የማን አገር መርከብ ነው?" አለ በራኺ። "የሊቢያ ከሆነ ወደዛው መልሰዋቸዋል። የጣልያን ከሆነ ጣልያን እደውላለሁ። አንተ ታውቃለህ፣ ንገረኝ።"

ባለቤቴ መነጽሩን አደረገ። በሁለት ጣቱ ፎቶውን አሰፋው። ወዲያው ፊቱ በራ። "ይኸውልህ፣ ይቺ" አለ። "ጣሪያው ላይ ያለችው ሳጥን። ክብ ክብ ክዳኖቹን አየህ? እዚያ ባሕር ላይ ሰው ከሚያነሱት መርከቦች ይህን የሚጭን ጀርመን ብቻ ነው። እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ የወርቅውሃ ምስክሬ ናት።"

"ነክቶታል" አልኩ።

"ጀርመን ከሆነ ወደ ሊቢያ አይመልስም። ሲሲሊ ነው የሚያወርዳቸው። ሰናይት ደህና ናት።"

በራኺ ተነስቶ የባለቤቴን ጭንቅላት ሳመ። እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤት ሰምቶ መጣ፣ የጾም ወጥ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። "ታዲያ ልጅቷ ለምን አትደውልም?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። ባለቤቴ "ስልኳ ውሃ ነክቶት ይሆናል፣ ካምፕ ደግሞ ሁሉም ነገር በወረፋ ነው" አለው። ያን ዕለት ሀብተጊዮርጊስ ንጉሥ ነበር። ለዘመናት ማንም ሊሰማው ያልፈለገውን ነገር ሰው ሁሉ ከቦ አዳመጠው፤ ስትሬላ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ይህቺ በስንት፣ ለምን ትሽከረከራለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ኮራሁበት።

ፎቶውን በራኺን አስልኮ በራሱ ስልክ አስቀመጠው። ለሥራ ባልደረቦቹ አሳየ፣ ለቄሱ አሳየ። በሳምንቱ መሐል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ወደ ሥራ ልወጣ ምስር እየለቀምኩ ሳለ፣ ደግሞ ለእኔ አመጣው። "ክዳኖቹን ተመልከቺማ፣ አንዱ ክፍት ይመስላል" አለኝ። ሰለቸኝ። ሳጥኑን አላይም ብዬ፣ እንዲያው እልህ ይዞኝ፣ ከታች ከታች ያሉትን ሰዎች ማየት ጀመርኩ። ጥግ ላይ ጀርባውን የሰጠ ሰው አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል።

"ይህ ሰውዬ ለምን ውሃ ውስጥ ቆሟል?" አልኩት።

"የቱ?"

"ይሄ። ቢጫ ጄሪካኑ አጠገብ። ጄሪካኑ ራሱ እየተንሳፈፈ ነው።"

ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ጣቱ ፎቶውን ወደ ታች ሲያወርደው አየሁ። እዚያ ድረስ ወርዶ አያውቅም ነበር። ጥቂት አየና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። የዚህን ሰውዬ ፊት ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም።

"ሁሉም ቆመዋል" አለ። "መርከቡን ሲያዩ ሁሉም ተነስተው ወደ አንድ ጎን ሄደዋል። የጀልባው አፍ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ይኸው፣ አይታይም። እንዲህ የሆነ ጀልባ…" አልጨረሰውም።

ምስሩ ከትሪው ላይ ፈሰሰ። ያስደነገጠኝ ፎቶው ብቻ አልነበረም። ያ ልጅ የጻፈው ነገር ትዝ አለኝ። "አብረን ነበርን። መርከብ መጣልን።" ደህና ናት አላለም። ከእኛ ሰው ማን መርዶ በስልክ ይናገራል? የእኔ አባት ሲሞት ቤተሰቦቼ በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነው፣ ተኝቷል" እያሉኝ ከረሙ፤ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በሬን እስኪያንኳኩ ድረስ። ልጁም የእኛው ልጅ ነው። አልዋሸም፣ አልተናገረም፤ የሚያሳይ ፎቶ ላከ። እኛ ያንን ይዘን እልል አልን። እልል ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሀብተጊዮርጊስ ደወለለት። ስልክ የማያነሳው ልጅ የማያውቀውን ቁጥር አነሳ። ባለቤቴ ምጽዋ በለመደው ትግርኛ "ልጄ፣ እኔ የድሮ መርከበኛ ነኝ፣ የበራኺ ወንድም ነኝ። ፎቶውን አየሁት። ጀልባው በየት በኩል ነው የተገለበጠው?" አለው። ከዚያ ልጁ "አባቷ አጠገብዎ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"የለም።"

ያኔ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። መርከበኞቹ በድምፅ ማጉያ ተቀመጡ ተቀመጡ ብለው ለምነዋቸዋል፤ ማን ይስማ፣ ማን ይቀመጥ። ትንንሽ ጀልባዎች እያወረዱላቸው ሳለ ተገለበጠ። ዓንደሚካኤል የሰናይትን ሻሽ ጨብጦ ነበር። እጁ ላይ የቀረው ሻሹ ነው።

ሥራ አልሄድኩም። ወደ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ደወልን። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ በተማሪነት መጥተው በስደተኝነት የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ያለን ሰዎች ለቅሶም ሽምግልናም ያለ እሳቸው አናደርግም። ለእኔም የአባቴን መርዶ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ነገ ማለዳ፣ ለፍሩሽሺሽት፣ ለማለዳ ፈረቃው ሳይወጣ" አሉ። "እስከዚያ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ማን ይናገር ትላላችሁ?"

"እኔ" አለ ባለቤቴ።

"አንተማ ምሥራቹን የተናገርክ ሰው ነህ። መርዶውን ሌላ ይናገር።"

"ጋሼ፣ እባክዎ። ለዚያ ነው እኔ መሆን ያለብኝ።"

እሺ አሉት።

የዚያኑ ዕለት ምሽት ቆሻሻ ልጥል ስወርድ አሳንሰሩ በራኺ ፎቅ ላይ ቆመና በራኺ ገባ። የጫማ ካርቶን በደረቱ ይዟል። ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ ነጭ የሴት ስኒከር። "የወርቅውሃ ሓብተይ፣ እህቴ፣ ሠላሳ ስምንት ይሆናታል ትያለሽ? እንዲያው ገምቼ ነው። ለሌላ ሰው ላሳየው ወደ ታች እየወረድኩ ነው።" ፊቱን ማየት አቃተኝ። ጫማውን እያየሁ "ይሆናታል" አልኩ። ምድር ቤት እስክንደርስ ድረስ አሳንሰሩ የሚሄድ አልመሰለኝም። ቆሻሻው ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆየሁ።

ማለዳ አራት ሆነን ወረድን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ጋሽ ገብረ ክርስቶስና ሚስታቸው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አንኳኩ። በራኺ ወዲያው ከፈተ። ለብሷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ የጫማው ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነው። እኛን አንድ በአንድ አየን። በማለዳ አራት ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

"ግቡ" አለ። "ተቀመጡ።"

ባለቤቴ ግን ቆሞ "በራኺ ወንድሜ…" ብሎ ጀመረና ድምፁ ተቆረጠ። ደግሞ ጀመረ፣ አሁንም አልወጣለትም። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሊያግዙት አፋቸውን ሲከፍቱ በራኺ እጁን አነሳ።

"ተዉት፣ አያስጨንቁት" አላቸው። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ "ሀብቴ፣ ውሃውን አይቼው ነበር" አለው።



"ልጁ የላከልኝ ዕለት ነው ያየሁት። እኔ ልጅነቴን ጀልባ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ጀልባ ሲሰጥም እንዴት አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን ወደ እኔ አመጣኸው?" አለ ባለቤቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ካንተ የበለጠ ባሕር የሚያውቅ ሰው የለኝም። አንተ አይተህ ሄዳለች ካልከኝ ሄዳለች ማለት ነው። ደህና ናት ካልከኝ ደግሞ የእኔ ዓይን ነው የተሳሳተው ማለት ነው ብዬ ነው። ደህና ናት አልከኝ። አመንኩህ። ማታ ማታ ደግሞ ፎቶውን አውጥቼ አያለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ እንደገና አምንሃለሁ። ትናንት የወርቅውሃ ጫማውን እያየች ፊቴን አላየችም። ያኔ አበቃ።"

የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሚስት ደግፈው አስቀመጡኝ። እስካሁን የማልረሳው እሱ አለማልቀሱን ነው። እኛ አራታችንም እያለቀስን ነው፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በእጁ ያሻል።

"መርከቡ ግን የጀርመን ነው ያልከው እውነት ነው?" አለ።

"እውነት ነው። እሱን አልተሳሳትኩም።"

"ጀርመኖች ሬሳ ከባሕር ያወጣሉ? አውጥተው ይቀብራሉ? ወይስ የቆመ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት?"

ሀብተጊዮርጊስ ስለ መርከብ ተጠይቆ መልስ ያጣበት ቀን አላስታውስም። ያልነካውን እንኳ እንደነካ አድርጎ ይናገራል። አፉን ከፈተ፤ እኔም "ያወጣሉ በለው፣ ግድ የለህም በለው" እያልኩ በልቤ ለመንኩት። በራኺም ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም፣ ሊያምነው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"አላውቅም" አለ ባለቤቴ።

በራኺ ያኔ አለቀሰ።